ጓሯችንና የውሽውሽ ሻይ

  ረመዳን በሰላም አልፎ፣ ዒዱም በደስታ ተከብሮ፣ እነሆ ወደ ተለመደው የቤታችን ጨዋታ ተመልሰናል። በዚህ ወር የምናጫውታችሁ ስለ ጓሯችንና ልጆቹን ይዘን ስለሄድንበት የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል እንዳትሉን፤ ሳንሄድ በፊት እኛም አልገባንም ነበር።

ጅማና አካባቢዋ የምትኖሩ በልግ ምን እንደሆነ አይነገራችሁም። መጋቢት ሲገባ ሰማዩ ከሰዓት በኋላ እየከበደ ይመጣል፣ ቀዩ አፈር ሁለት ሦስት ጊዜ ዝናብ ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ቡናው ነጭ አበባ አውጥቶ ሰፈሩን በሽታው ያውደዋል። ሌላው አገር ክረምትን ሲጠብቅ በእኛ በኩል ዶማ የሚነሳው በዚህ ጊዜ ነው። ያኔ ያልቆፈረ ሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ የጎረቤቱን ድንች እያየ ይቆጫል።

ከቤታችን ጀርባ ወርዱ አሥር፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ሜትር የሚሆን ቦታ አለን። አባታችን (አላህ ይዘንላቸውና) በሕይወት ሳሉ የተከሏቸው ስድስት እግር ቡናና አንድ ትልቅ አቮካዶ አሉበት። የቀረው የእናታችን መደብ ነው። ጎመኑ፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ዝንጅብሉ፣ ጥጉ ላይ ያለው ጎደሬ ሁሉ የእርሳቸው ነው። ልጆቻችን እናታችንን እንደ አካባቢው ወግ «አኮ» ይሏቸዋል፤ ጓሮውንም «የአኮ ጓሮ» ብለው ነው የሚጠሩት። ሰደቃም ይወጣበታል። ሰው፣ እንስሳም ሆነ ወፍ ከተከልነው ሲበላ ሰደቃ እንደሚሆንልን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ከእርሳቸው አፍ ነው። ወፎቹ አቮካዶውን ሲጨርሱት ልጆቹ ድንጋይ ሊያነሱ ካሰቡ «ተዉአቸው፣ ድርሻቸው ነው» ይላሉ። ፍልፈልን ግን በዚህ ሒሳብ አያስገቡትም። የድንቹን ሥር ሲበላ ካገኙት የሚሉትን እዚህ አንጽፈውም።

እንግዲህ የነገሩ መነሻ ይህ ቦታ ነው። ከረመዳን በፊት አንድ የምናውቀው ግንበኛ ጓሮውን ተዘዋውሮ አየና በብሎኬት ሦስት ክፍል ያወጣል አለን። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፣ ተከራይ አይጠፋም። ትልቋ ልጃችን በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፣ መካከለኛው ተከታትሏታል፣ የወር ደመወዝ እንደሆነ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም። ሦስት ክፍል ኪራይ ማለት ለእኛ ቤት ቀልድ አይደለም። ከሁለታችን አንዳችን «እንሥራ» ስንል አንዳችን «የአባታችን ቡናና የእናታችን መደብ እንዴት ይፈርሳል?» አልን። ማን የትኛውን እንዳለ አንናገርም፤ የቤት ምስጢር ነው። ክርክሩ ረመዳንን ሙሉ ከተራዊሕ በኋላ ቀጠለ፣ አንዳንዱም ምሽት ለረመዳን በማይገባ ድምፅ ነበር። እናታችን ሁሉንም ይሰማሉ። አንድ ቀን እንኳ ግን አፍ አውጥተው ይህ ይሁን፣ ያ ይቅር አላሉም። እኛም ዝምታቸውን እንደ ቅሬታ ቆጠርነው።

እርሳቸው ግን እኛ ስንከራከር ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ዒድ ባለፈ በሳምንቱ መደቡን ገለባበጡት። ለባለ ጓሮ አንባቢዎቻችን የሚጠቅም ስለሆነ ያደረጉትን በዝርዝር እንጻፈው።

መጀመሪያ በበጋ ከጓሮው ጥግ የተከመረውን ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭና የዶሮ ኩስ ገለበጡት። ውስጡ ጠቁሮ፣ ሽታው እንደ ጫካ አፈር ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። የሚሸት ወይም የሚያተኩስ ከሆነ ገና ነው፤ ያልበሰለ የዶሮ ኩስ ችግኝ ያቃጥላል። ከዚያ የምድጃ አመድ በስሱ በተኑ። የእኛ አገር ቀይ አፈር ኮምጣጣነት የሚያጠቃው ነው። አመድ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል፣ ጎመንና ቀይ ሥርም ይህን ይወዳሉ። ቀጥለው ለዘር ያስቀመጡትን ድንች አወጡ። የእንቁላል መጠን ያላቸውን መርጠው ብርሃን በሚያገኝ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማይመታው ቦታ ዘርግተው ስለነበር ዓይናቸው አጭርና ወፍራም ቡቃያ አውጥቷል። በጨለማ ማዳበሪያ ውስጥ የሚከርም ድንች ቀጭንና ነጭ ክር ነው የሚያበቅለው፤ ሲተከልም ይሰበራል። በቡቃያውና በቡቃያው መካከል አንድ ስንዝር ተኩል ያህል፣ በመስመሩና በመስመሩ መካከል ሰው ተጎንብሶ የሚያልፍበት ቦታ ተዉ። ጥቅል ጎመኑን ከአራት አምስት ሳምንት በፊት በአቮካዶው ጥላ ሥር በትንሽ መደብ አፍልተውት ስለነበር አራት ቅጠል ያወጡትን ሃያ አራት ችግኞች ወደ ማታ ፀሐይ ሲበርድ አዛወሩ። ቀትር ላይ የተዛወረ ችግኝ በማግስቱ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ክሽክሽ የያዘውን የሐበሻ ጎመን በስሱ የሳሙና ውኃ ቅጠሉን ከሥሩ ገልብጠው አጠቡት።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እኛ ከበረንዳው ላይ ሻይ ይዘን እናያቸው ነበር። «ይበቃዎታል፣ ይረፉ» ማለታችን አልቀረም።

ወደ ጉዞው እንምጣ። ለልጆቹ በረመዳን የገባንላቸው ቃል ነበር። ቁርኣን ሲያኸትሙ የት እንውሰዳችሁ ብንላቸው ትንሿ ልጃችን «ሻይ የሚበቅልበት» አለች። ሻይ ከሱቅ በካርቶን ስለሚመጣ እንደ ሳሙና ከፋብሪካ ብቻ ይወጣል ብላ ነበር የምታስበው። በአገራችን ስማቸው የሚነሳው የሻይ እርሻዎች በደቡብ ምዕራብ ናቸው፤ በኢሉባቦር ጎሬ አካባቢ ጉማሮ፣ በሸካ ጨዋቃ፣ በከፋ ደግሞ ውሽውሽ። ለእኛ የሚቀርበው ውሽውሽ ነው። ከጅማ ቦንጋ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሲቀጥሉ ውሽውሽ ነው። የጎረቤታችንን ሚኒባስ ከነሾፌሩ ተከራየን፣ የሚያስገባንንም ሰው አስቀድመን አስጠየቅን። እናታችን አይሄዱም ብለን ነበር። ቅዳሜ ሱብሒን ሰግደን ስንወጣ ነጠላቸውን ተከናንበው መኪናው አጠገብ ቆመው አገኘናቸው።

ሰቃን፣ ሸቤን አልፈን ወደ ጎጀብ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ጎጀብ ወደ ኦሞ የሚገባ ወንዝ ነው። ድልድዩን ሲሻገሩ የጅማ ዞን ያበቃና ከፋ ይጀምራል። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጫካው ወደ አስፋልቱ ይጠጋል። በዚህ ጫካ ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። የከፋ ደን በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበውም በዋነኝነት ለዚህ ነው። መካከለኛው ልጃችን ይህን ከትምህርት ቤት ይዞት መጥቶ መንገዱን ሁሉ አስተማረን። እናታችን «ቡና ያለ ሰው እጅ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁት።

ውሽውሽ ስንደርስ ልጆቹ ዝም አሉ። ተራራው ከላይ እስከ ታች ተከርክሞ የተነጠፈ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል። መስመር በመስመር፣ ቁመቱ እስከ ወገብ፣ አናቱ እንደ ገበታ የተስተካከለ። በሩቁ የባሕር ዛፍ ደን ይታያል፤ ሻዩን ለሚያደርቀው ምድጃ ማገዶ የሚሆን ነው አሉን። የሚያስጎበኘን ወጣት በትሕትና ተቀበለን፤ እናታችንንም «እናቴ፣ ቀስ ብለው» እያለ እጃቸውን ይዞ በመስመሮቹ መካከል አስገባን።

ለቃሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ቅርጫታቸውን በጀርባቸው አዝለው በሁለት እጃቸው ይለቅማሉ፤ ዓይን ሊከተለው አይችልም። የሚነጠቀው ከየቅርንጫፉ ጫፍ ሁለት ለጋ ቅጠልና መሀሉ ያለው እምቡጥ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው ቅጠል ጠንካራ ስለሆነ ጣዕሙን ያበላሻል። ጫፉ ሲነጠቅ ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። ዝናብ ባለበት ወቅት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሰው ያንኑ ቁጥቋጦ ይለቅሙታል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል። እናታችን ይህን ሲሰሙ «በአንድ ጀበና ሻይ ይህን ያህል ጣት አለበት በሉኛ!» አሉ። ልጆቹ እንዲሞክሩ ተፈቀደላቸው። ትንሿ ያረጀ ቅጠል ቆርጣ አንዲት ለቃሚ ቀስ ብላ ከእጇ ወስዳ ጣለችውና ጣቷን ይዛ በትክክለኛው ላይ አኖረችላት።

ወጣቱ እንደነገረን የሻይ ችግኝ የሚፈላው ከግንዱ በተቆረጠች፣ አንዲት ቅጠል ባለባት ትንሽ ቁራጭ ነው፤ በፕላስቲክ ውስጥ ባለ አፈር ላይ በዳስ ጥላ ሥር ትከርማለች። ተዛውራ ወግ ያለው ምርት እስክትሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ግን ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ትለቀማለች። ልጃችን «አንድ ችግኝ ወስደን ጓሮ እንትከል» ሲል ሰውየው አፈራችን ምን እንደሚመስል ጠየቀው። አመድ እንደምናደርግበት ሲሰማ ሳቀ፤ ሻይ የሚፈልገው ኮምጣጣ አፈር ነው፣ ጎመንን የሚያወፍረው አመድ ሻይን ያመነምነዋል። እናታችን ይህን ሲሰሙ ለብዙ ደቂቃ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትንሽ አለፍ ብለን ቅጠል የሚባል የሌለበት፣ ጉቶና እንጨት ብቻ የቀረበት መስመር አገኘን። «ይህን ደግሞ ገደላችሁት?» አሉ እናታችን። በየሦስትና በየአራት ዓመቱ እንዲህ ይገረዛል፤ ካልተገረዘ እየረዘመና እያረጀ ይሄዳል አላቸው። ጉቶዎቹ ላይ ጎንበስ ብለን ስናይ የጣት ጥፍር የምታህል ቀንበጥ በየቦታው ወጥታለች።

እዚያው ከመስመሩ ዳር አንድ ዛፍ ቆሟል። ግንዱ የሰው ጭን ይወፍራል፣ ቁመቱ ከቤት ጣሪያ ያልፋል፣ ትናንሽ ነጭ አበባ መሀላቸው ቢጫ ሆኖ በቅጠሎቹ ሥር ተንጠልጥለዋል። ምን ዛፍ ነው ብንለው «ሻይ ነው» አለን። ያው ወገብ የሚደርሰው ሻይ። ሳይለቀምና ሳይገረዝ ከተተወ እንዲህ ይሆናል፤ ቅጠሉም ከሰው እጅ ይርቃል፣ ይጠነክራልም። እኛ ፎቶ ለማንሳት ልጆቹን ከሥሩ ስናሰልፍ እናታችን ግንዱን በመዳፋቸው እየነኩ ወደ ላይ ያዩ ነበር። ፎቶው ላይም እንዲሁ ሆነው ወጥተዋል።

ከፋብሪካው የምንነግራችሁ ጥቂት ነው፣ ጩኸቱ ብዙ አላስጠየቀንም። እርጥቡ ቅጠል በረጃጅም ገንዳዎች ላይ ተበትኖ ከሥሩ አየር እየተነፋበት ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ሰዓት ያህል ይጠወልጋል። ከዚያ ጥርስ ባላቸው መዳመጫዎች መካከል አልፎ ይደቃል፣ አየር እያገኘም ከአረንጓዴ ወደ መዳብ ቀለም ይለወጣል፣ በመጨረሻም በሙቅ አየር ይደርቃል። አንዳንድ አንባቢዎች በደብዳቤ የጠየቃችሁን ነገር ስላለ እዚህ ላይ እንመልስ። ይህ ቀለሙ የሚለወጥበት ደረጃ በእንግዳ ቋንቋ «ፈርመንቴሽን» ስለሚባል ሻይ እንደ መጠጥ ይብላላልን ብላችሁ ነበር። አይደለም፤ አልኮልም አይፈጠርበትም። ድንች ተልጦ ሲቆይ እንደሚጠቁረው ዓይነት ከአየር ጋር የመገናኘት ለውጥ ነው። ሌላም እንጨምር፤ ሻይ ከምግብ ጋር አብሮ ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ይከለክለዋል። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢያልፍ ይመረጣል። እኛ ቤት በዳቦ መንከር የተለመደ ነበርና ይህን ስንናገር ለራሳችንም ነው።

ቦንጋ ተመልሰን ዙህርንና ዐስርን እንደ መንገደኛ አጣምረን ሰገድን፤ የያዝነውን አንባሻና የተቀቀለ እንቁላል በላን። ከከተማው ስንወጣ በመንገድ ዳር አንዲት ሴት በገመድ የተሰካ ደረቅ ኮረሪማ ይዛ ቆማለች። እናታችን መኪናውን አስቆሙ። ኮረሪማውን ገዙና ሥሩንስ አትሸጪልኝም ወይ አሏት። ሴትዮዋ ገርሟት ሳቀች፤ ልጇን ወደ ቤት ልካ ከጓሮዋ ሁለት ቀንበጥ ያለው ሥር አስቆፍራ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ገንዘብ አልቀበልም አለች። «ጥላ ሥር ይተከል፣ እንዳይደርቅ፣ ደግሞ ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት ጠብቂ እናቴ» አለቻቸው። እናታችን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። «እጠብቃለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉ።

ጎጀብን ስንሻገር ልጆቹ ተኝተዋል። እናታችን ከፊት ተቀምጠው ጥቅሉን ታቅፈዋል። ድንገት ወደ እኛ ሳይዞሩ መናገር ጀመሩ።

«ስለ ጓሮው የምትከራከሩትን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንዳችሁ ይፈርስ አላችሁ፣ አንዳችሁ የእናታችን ነው አይፈርስም አላችሁ። እኔ ግን አንዳችሁንም እዚያ ውስጥ ዶማ ይዛችሁ አላየኋችሁም። አባታችሁ ከሞቱ ወዲህ ያንን ቡና የለቀመው ማነው? እኔ። ጉንዶውን የጠረገው? እኔ። ልጆቹስ ጤና አዳምን ከበሶብላ ይለያሉ?» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «ያንን የሻይ ዛፍ አያችሁት አይደል? እኔ ስሄድ ጓሮው እንደዚያ ነው የሚሆነው። ለቃሚ ከሌለው ቤቱን ሥሩበት። ቢያንስ ሰው ይኖርበታል። እኔ አልቀየማችሁም» አሉ።

ሾፌሩ ሬዲዮኑን ቀነሰ። ከእኛ ውስጥ ጓሮው አይፈርስም ያለው ወገን፣ ይፈርስ ካለው ይልቅ አንገቱን ደፋ። እስከ ሸቤ ድረስ የተናገረ የለም።

ያን ምሽት ልጆቹን አስተኝተን ሁለታችን ተቀመጥን። ረመዳንን ሙሉ የተከራከርነው ስለ እርሳቸው ልፋት እንጂ ስለ እኛ አለመሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባን። አንዳችን በእርሳቸው ልፋት ላይ ቤት ልንሠራ፣ አንዳችን ደግሞ በእርሳቸው ልፋት ልንኮራ ነበር። ኪራዩ ያስፈልገናል፣ ይህ አልተለወጠም። ጠዋት ለእናታችን ያቀረብንላቸው ሐሳብ ይህ ነው። ከአሁን እስከ መስከረም በየቅዳሜው ጠዋት አምስታችንም ጓሮ እንገባለን፣ እርሳቸው በቃል ያዙን እንጂ ዶማ አይነኩም። መስከረም ሲጠባ ጓሮው የእኛ ሆኖ ከተገኘ ይቆያል፤ የእርሳቸው ብቻ ሆኖ ከቀረ ግንበኛው ይጠራል። እናታችን «እናያለን» ብቻ አሉ። ግንበኛው ሲሰማ ሳቀብን፤ «የብሎኬት ዋጋ እስከ መስከረም አይጠብቃችሁም» አለ። እውነቱን ነው።

እስካሁን አራት ቅዳሜ አልፏል። የመጀመሪያው ቀን አምስታችንም ተገኘን፣ በየመዳፋችንም ውኃ ቋጠረ። በሁለተኛው ከእኛ አንዳችን ለቅሶ አለብን ብለን ቀረን፤ ለቅሶው ከሰዓት በኋላ እንደነበር እናታችን ያውቃሉ። በሦስተኛው ዝናብ አባረረን። በአራተኛው ድንቹን አፈር አለበስነው፣ ትልቋ ልጃችን የቡናውን ደረቅ ቅርንጫፍ በመቀስ ስትቆርጥ «ከዚህ በታች፣ ከዚህ በታች» እያሉ ከዱካቸው ላይ በምርኩዛቸው የሚያሳዩዋት እናታችን ነበሩ። የሚያሳዝነው ጎመኑ ነው። ከሃያ አራቱ ችግኞች ዘጠኙን ቆራጭ ትል ሌሊት እየወጣ ከሥራቸው ቆረጣቸው። ጠዋት ጠዋት በተቆረጠው አጠገብ አፈሩን በጣት ስንጭር ተጠቅልሎ ተኝቶ እናገኘዋለን። እስካሁን የያዝነው በእጅ መልቀሙን ነው፣ ይህንንም መካከለኛው ልጃችን ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ሳይጠራ ይሠራዋል። ለቀሩት አሥራ አምስቱ ከጠንካራ ወረቀት አንገትጌ ሠርተን ግንዳቸውን ከበን አፈር ውስጥ ቀብረናል። ከዚህ የተሻለ መላ የምታውቁ አንባቢዎች ካላችሁ በዝግጅት ክፍሉ አድራሻ ብትጽፉልን በሚቀጥለው እትም በስማችሁ እናወጣዋለን።

ኮረሪማው አቮካዶው ሥር ተተክሏል። ከሁለቱ ቀንበጥ አንዱ ደርቋል፤ ሌላው ትናንት አዲስ ቅጠል እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ብቅ ብሏል። ትንሿ ልጃችን በየቀኑ በጣሳ ታጠጣዋለች፣ ዝናብ በዘነበ ዕለትም ጭምር።